በራስ ላይ ስለሚዞር ንቀት

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ በፆታ ማንነታቸው ከብዙኃኑ ስለሚለዩ ሰዎች የአእምሮ ጤና ያወጣችሁት ጽሑፍ ጽናታቸውን በሰፊው ሲያወሳ፣ ሰው የሰማውን ስድብ አምኖ ራሱን መናቅ የሚጀምርበትን ሁኔታ ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፎታል። በእኔ አስተያየት ዋናው ጉዳይ ይኸው ነው። ተመራማሪው ኢላን ሜየር እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፣ አናሳዎችን የሚጎዳው ከውጭ የሚደርስባቸው መድልዎ ብቻ ሳይሆን፣ መገለልን ዘወትር መጠባበቅ፣ ማንነትን መደበቅና የሌሎችን ንቀት እንደ ራስ ሐሳብ መቀበል ጭምር ነው፤ ሜየር የጻፈው ስለ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ቢሆንም፣ ሌሎች ተመራማሪዎች ሐሳቡን ለፆታ ማንነት አናሳዎችም አስፋፍተውታል።

የሕንድን ሂጅራዎች፣ ማለትም አብዛኞቹ ሲወለዱ ወንድ ተብለው በሴትነት ወይም ከሁለቱም ፆታ ውጭ በሆነ ማንነት የሚኖሩትን ሰዎች፣ እንመልከት። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ሦስተኛ ፆታ ብሎ ዕውቅና ቢሰጣቸውም፣ ከቤተሰቡ የተባረረ ልጅ ለዓመታት የሰማውን ቃል ውሳኔው ብቻውን ከልቡ አይፍቅለትም። ብዙዎችን ደግፎ ያቆማቸው ጉሩ የምትባለው መሪያቸው ከደቀ መዛሙርቷ ጋር የምትኖርበት ቤት ነው፤ ያም ቤት የራሱ ጭቆና እንዳለው አልዘነጋም። ስለዚህ ጽናትን የግለሰብ ጠባይ ብቻ አድርጋችሁ ማቅረባችሁ አላሳመነኝም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው 11ኛው የበሽታዎች ምደባው የፆታ ማንነት ከተወለዱበት ፆታ ጋር አለመጣጣምን ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ ማውጣቱም መጠቀስ ነበረበት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ