ለልጄ፦ ስለ አሮጌው ሆንዳሽና ስለ መድኑ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔም እናትሽም ደህና ነን። የላክሻቸውን ፎቶዎች ደጋግመን አየናቸው። እ.ኤ.አ. የ1972 ሥሪት ሆንዳ ሲቢ 750 ሞተር ሳይክል፣ ያውም አራቱም ማርሚታዎች በቦታቸው እንዳሉ! እናትሽ «ይሄ ሁሉ ብረት ለምንድን ነው?» አለችኝ፤ አራት ሲሊንደር እንዳለው፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ሲወጣ የፊት ዲስክ ፍሬንና የኤሌክትሪክ ማስነሻ ይዞ በመምጣቱ የዘመኑን ሞተር ሠሪዎች ሁሉ እንዳስደነገጠ ነገርኳት። ደስታሽ ደስታዬ ነው።

እንቅልፍ የነሳኝ ከፎቶዎቹ ሥር የጻፍሽው አንድ መስመር ነው፦ «መድኑን ርካሽ የሆነውን ፈልጌ እገባለሁ።» እንደምታውቂው ዕድሜዬን የጨረስኩት በመድን ሥራ፣ ያውም በካሳ ክፍል ነው። ሰዎች ወደኔ ይመጡ የነበረው ውል ሲፈርሙ ሳይሆን ንብረታቸው ከጠፋ በኋላ ነው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ሳትቸኩዪ አንብቢልኝ።

ወኪሉ ዘንድ ስትሄጂ በ«ዓረቦኑ (ለመድኑ የምከፍለው) ስንት ነው?» አትጀምሪ። «ሞተሬ ነገ ቢሰረቅ የምትከፍሉኝ ስንት ነው? እሱስ የትኛው ገጽ ላይ ተጽፏል?» ብለሽ ጀምሪ። በተለመደው የተሽከርካሪ ውል ካሳው የሚሰላው ጉዳቱ በደረሰበት ቀን በነበረው የገበያ ዋጋ ነው፤ የእርጅና ቅናሽም ይታሰብበታል። ለአዲስ ሞተር ይህ አግባብ ነው፤ በየዓመቱ ዋጋው ይወርዳልና። ሃምሳ ዓመት ለሞላው ሞተር ግን ይህ ስሌት ከነጭራሹ አይሠራም። በእርጅና ቅናሹ ሰንጠረዥ ከሄድን ያንቺ ሆንዳ ዋጋው ካለቀ ቆይቷል። በእውነቱ ግን በጥሩ ይዞታ ያለ ክላሲክ ሞተር፣ ማለትም ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት አሮጌ ሞተር፣ ዋጋው ሲጨምር ይታያል፤ አንዱ ሲቢ 750 ከሌላው ጋርም በዋጋ አይገናኝም። እ.ኤ.አ. በ1969 መጀመሪያ የተሠሩት ጥቂት ሺዎቹ የኢንጅናቸው ገላ ሻካራ በመሆኑ «በአሸዋ ቅርጽ የተቀለጡ» እየተባሉ ይጠራሉ፤ ሰብሳቢዎች እነሱን ከኋለኞቹ እጅግ በሚበልጥ ዋጋ ይፈልጓቸዋል። ይህን ልዩነት የማያውቅ ገማች ሁለቱንም «አሮጌ ሆንዳ» ብሎ አንድ መስመር ላይ ይጽፋቸዋል።

ላንቺ የሚሆነው ስምምነት የተደረሰበት ዋጋ የሚባለው ነው። አንቺና መድን ሰጪው ውሉ ሲጀመር በዋጋው ትስማማላችሁ፣ ቁጥሩ ውሉ ላይ ይሰፍራል፤ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ ወይም ቢወድም፣ በውሉ ላይ የተጻፈው ተቀናሽ (ከጉዳቱ አንቺ ራስሽ የምትሸከሚው ድርሻ) ብቻ ተነስቶ ያ ቁጥር ይከፈልሻል። የእርጅና ክርክር የለም። ተጠንቀቂ፣ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሌላ አለ። ባለንብረቱ ዋጋውን ያስመዘግባል፣ ቁጥሩም ውሉ ላይ ይታያል፤ ወረድ ብለሽ በደቂቅ ፊደል የተጻፈውን ስታነቢ ግን ካሳው «ከተመዘገበው ዋጋና ከገበያው ዋጋ ዝቅ ያለው» ይሆናል ይላል። ዓረቦኑን ባስመዘገብሽው ትከፍያለሽ፣ ካሳውን በዝቅተኛው ትቀበያለሽ። ወኪሉ ሁለቱንም «ዋጋው ተጽፏል እኮ» ብሎ ሊያሳይሽ ይችላል። አንቺ መጠየቅ ያለብሽ የካሳ አከፋፈሉን አንቀጽ ነው።

ዓረቦን ለመቆጠብ ብለሽ ዋጋውን ዝቅ አድርገሽ ማስመዝገብም አያዋጣም። ብዙ ውሎች የተመጣጣኝነት አንቀጽ አላቸው። ሞተሩ የሚያወጣው 100 ሆኖ ሳለ በ60 ካስመዘገብሽው፣ የ20 ጉዳት ሲደርስ መድን ሰጪው የሚከፍልሽ 12 ነው፤ ከዚያም ላይ ተቀናሹ ይነሳል። ቀሪው ከኪስሽ ነው። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ቼኩን ሲቀበል ነው፤ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ስንት ጊዜ ድምፅ ከፍ እንዳለ እኔ ነኝ የማውቀው።

አንድ ባለጉዳይ ከፊቴ አይጠፋም። አሮጌ ሞተሩን ለዓመታት እየቆጠበ ሲያድስ የኖረ ሰው ነበር፤ ጋራዡ ውስጥ በእሳት ወደመበት። ደረሰኞቹን በፌስታል ሞልቶ መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፋቸው። ግማሾቹ በሙቀት በሚያትመው ስስ ወረቀት ላይ የታተሙ ስለነበሩ ጽሑፋቸው ጠፍቶ ነጭ ሆነዋል። የትኛው የክሮም ሥራ፣ የትኛው የካርቡራተር እንደሆነ በጣቱ እየነካ በቃል ይነግረኛል፤ ወረቀቱ ላይ ግን ምንም የለም። ሰውየው እውነቱን ነበር። ውሉ የተለመደው የገበያ ዋጋ ውል ነበረ፣ ማስረጃውም ወረቀቱ ላይ ጠፍቷል፤ ለድካሙ የሚመጥን ካሳ አላገኘም። ስለዚህ አደራሽን፣ ደረሰኝ በተቀበልሽ ዕለት ፎቶ አንሺው፤ ፎቶውንም ቤት ውስጥ ብቻ ሳይሆን ቤትሽ ቢቃጠል የማይጠፋ ቦታም አስቀምጪው።

ፎቶ ካልን ዘንድ፣ ውሉን ከመጀመርሽ በፊት ሞተሩን በጠራራ ብርሃን አውጪና ከአራቱም አቅጣጫ አንሺው። ኪሎሜትር ቆጣሪው በግልጽ ይታይ። ከዚያ መሪው አንገት ላይ የተቀረጸውን የሻሲ ቁጥር፣ ኢንጅኑ ገላ ላይ ያለውንም ቁጥር በባትሪ ከጎን እያበራሽ አንሺ፤ ብርሃኑ ፊት ለፊት ከሆነ ቁጥሩ አይነበብም። አንድ ነገር ልብ በዪ፦ በዚህ ሆንዳ የሻሲውና የኢንጅኑ ቁጥር ከፋብሪካ ሲወጣም አንድ ዓይነት አይደለም። በአንዳንድ የእንግሊዝ ሞተሮች፣ ለምሳሌ በትራያምፍ፣ ሁለቱ ቁጥሮች እንዲመሳሰሉ ይጠበቃል። ያንን ብቻ የሚያውቅ ገማች «ኢንጅኑ ተቀይሯል» ብሎ ዋጋሽን ሊያወርድ ሲነሳ ዝም እንዳትዪ። የማርሚታዎቹንም ማኅተም አንሺ። የፋብሪካው አራቱም አብረው መገኘታቸው ራሱን የቻለ ዋጋ ነው፤ ብዙ ሰው ድሮ አውልቆ አራቱን ወደ አንድ የሚያገናኝ ሌላ ገጥሞባቸዋልና።

ዋጋውን በግምት አትጥሪ። ክላሲክ ሞተር የሚያውቅ ገለልተኛ ገማች ፈልጊና በጽሑፍ ያስቀምጥልሽ፤ በቅርብ የተሸጡ መሰል ሞተሮችን ዋጋም አያይዢ። ሻጭ የጠራው ሳይሆን ገዢ የከፈለው ዋጋ ነው የሚጠቅምሽ። ዋጋው ዘላለማዊ አይደለም፤ በየሁለት ሦስት ዓመቱ፣ ትልቅ እድሳት ስታደርጊም ወዲያው፣ እንደገና አስገምቺው።

አሁን ወደ ቁጠባው ልምጣ፤ ቁጠባን የምጠላ እንዳይመስልሽ። የክላሲክ ውል ብዙውን ጊዜ ከተለመደው ይረክሳል። ምክንያቱም መድን ሰጪው ይህን ሞተር ባለቤቱ ይሳሳለታል፣ ዝናብ ላይ አያቆመውም፣ በየቀኑም አይነዳውም ብሎ ያስባል። ስለዚህ ቅናሹ ከነግዴታው ነው የሚመጣው። ሞተሩ ዕድሜው ከተወሰነ ዓመት በላይ እንዲሆን፣ የዕለት ተዕለት መመላለሻ ሌላ ተሽከርካሪ እንዲኖርሽ፣ ሌሊት በተቆለፈ ቤት እንዲያድር ሊጠይቁሽ ይችላሉ። በዓመት የምትነጂው ኪሎሜትርም ይገደባል፤ ገደቡ ባነሰ ቁጥር ዓረቦኑ ይቀንሳል። እዚህ ላይ ነው እውነተኛ መሆን ያለብሽ። አሁን ሥራ የምትሄጂው በምንድን ነው? በዚሁ ሆንዳ ልትመላለሺ ካሰብሽ ለመዝናኛ ብቻ በሚል ውል አትግቢ። አደጋው ሰኞ ጠዋት መሥሪያ ቤትሽ በር ላይ ቢደርስ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ወዴት እየሄድሽ ነበር?» ነው። የተሳሳተ መረጃ የሰጠ ሰው ካሳው ሊከለከል፣ ውሉም ሊሰረዝበት ይችላል። ያን ያህል ጊዜ የከፈልሽው ዓረቦን ሁሉ ከንቱ ይቀራል ማለት ነው።

የማትነጂባቸው ወራት ካሉ፣ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ለስርቆትና ለእሳት ብቻ የሚያገለግል ሽፋን መኖሩን ጠይቂ፤ ዋጋው በጣም ይወርዳል። በእነዚያ ወራት ግን ለአምስት ደቂቃም ቢሆን መንገድ ላይ አታውጪው። ተቀናሹን ከፍ ማድረግም ዓረቦን ይቀንሳል፤ ለጭረትና ለተሰበረ ስፖኪዮ ካሳ ክፍል መሄድ ስለማያስፈልግሽ እኔ እደግፈዋለሁ። መጠኑ ግን ነገ ጠዋት ሳትበደሪ ልታወጪው የምትችይው ይሁን። መሬት ላይ የሚታሰር ጥሩ ሰንሰለት፣ ማንቂያ ደወል ወይም መከታተያ መሣሪያ ለብዙዎች ቅናሽ ያስገኛል፤ የክላሲክ ሞተር ክለብ አባልነትና የአነዳድ ሥልጠና ምስክር ወረቀትም እንዲሁ። ቅናሽ የተሰጠሽበትን ቁልፍ ሳትቆልፊ ሞተሩ ቢሰረቅ ግን ቅናሹ ራሱ መልሶ ይከራከርሻል። ከቻልሽ የዓመቱን ባንዴ ክፈዪ፤ የወር በወር ክፍያ ብዙ ጊዜ ወለድ አለበት። የሦስት መድን ሰጪዎችን ዋጋ ስታወዳድሪም የተመዘገበው ዋጋ፣ ተቀናሹና የኪሎሜትር ገደቡ በሦስቱም አንድ ይሁን፤ ያለዚያ የምታወዳድሪው የተለያየ ነገር ነው።

የማትነኪው አንድ ነገር አለ፦ የሦስተኛ ወገን ሽፋን፣ ማለትም በሌላ ሰው ላይ ለምታደርሺው ጉዳት የሚከፍለው። ሕጉ የሚያስገድደው ዝቅተኛው መጠን ብዙ ጊዜ ለከባድ የአካል ጉዳት አይበቃም። ሞተሩ ቢጠፋ፣ ቢያምሽም፣ ሌላ ይገኛል። ሰው ብትገጪና እግሩ ቢቆረጥ ግን ዕዳው ዕድሜ ልክ ይከተልሻል። ጣሪያውን ከፍ ለማድረግ የሚጨመረው ዓረቦን ከምታስቢው ያነሰ ነው። ጓደኞችሽን ከኋላ እንደምታፈናጥጪ ስለማውቅም፣ ተሳፋሪ በውሉ መካተቱን አረጋግጪልኝ። ያንቺን የራስሽን ሕክምናም እንደዚሁ፤ በሞተር ላይ ጋሻሽ ሄልሜትሽና ጃኬትሽ ብቻ ናቸው።

ሙሉ ሽፋን ማለት ሁሉ ነገር ማለት አይደለም። ዝገት፣ በአገልግሎት ብዛት የመጣ ብልሽት፣ የተበጠሰ ካቴና በመድን አይሸፈኑም። ውድድርም፣ ለሙሽራ ሰልፍ ማከራየትም አብዛኛውን ጊዜ ከውሉ ውጭ ነው። መደርደሪያ ላይ የምታከማቺያቸው መለዋወጫዎች ከሞተሩ ጋር ተሸፍነዋል ብለሽ አታስቢ፤ ለብቻ አስመዝግቢያቸው። የቀየርሽውን ዕቃ ሁሉ፣ መሪም ይሁን መብራት፣ አሳውቂ። ሞተሩ «ወድሟል» ከተባለ በኋላ ቅሪቱን መልሰሽ የመግዛት መብትሽም በጽሑፍ ይኑር፤ ሌላ ሰው እንደ ቁርጥራጭ ብረት የሚያየው ሻሲ ላንቺ ሌላ ሞተር ማደሻ ሊሆን ይችላልና። ለጥገናም ጋራዡን የምትመርጪው አንቺ መሆንሽን ጠይቂ፤ አራቱን ካርቡራተር አንድ ላይ ማስተካከል የማይችል መካኒክ እጅ እንዳትወድቂ።

ከመድኑም በፊት ግን፣ ሞተሩን ባቆምሽ ቁጥር የነዳጁን መዝጊያ ዝጊ። የካርቡራተሮቹ ጎማና የነዳጁ ቱቦ ካረጁ ቤንዚን ያንጠባጥባሉ፤ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ትነቱ ይጠራቀማል፣ የአሮጌ ሽቦ ብልጭታ ይበቃዋል። ቱቦዎቹን በዚህ ሳምንት አስቀይሪ።

ወኪሉ ረቂቅ ውሉን ሲሰጥሽ አትፈርሚ። ሁሉንም ገጽ፣ በደቂቅ ፊደል የተጻፈውንም ጭምር ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ መነጽሬን አድርጌ መስመር በመስመር አየዋለሁ። እናትሽ ሰላም ብላሻለች፤ ከኋላ ተፈናጥጣ ለመሄድም ቀን ቁረጪላት ብላለች። የተሳፋሪውን ሽፋን መጀመሪያ አስጨርሺ።

የሚወድሽ አባትሽ