ዓሣዎቹ ይቆዩ፣ እናት ዓለም

እናት ዓለም፣

ትናንት ማታ የላክሽልኝን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። እናትሽ «ምን አገኘህ?» ብላ መነጽሯን አድርጋ መጣች። «አኳሪየም ገዛች፣ የባህር ዓሣ የሚኖርበት የመስታወት ገንዳ» አልኳት። «ያባቷ ልጅ!» አለችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

በስልክ ብነግርሽ «እሺ አባዬ፣ እሺ አባዬ» እያልሽ ታሳልፊኛለሽ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። አማርኛው ከከበደሽ ጮክ ብለሽ አንብቢው። ድምፁን ስትሰሚ ይገባሻል።

መጀመሪያ ታንኩን ከዚያ መደርደሪያ ላይ አውርጂው። 20 ጋሎን ማለት ወደ 75 ሊትር ነው። ውሃው ብቻ 75 ኪሎ ይመዝናል። አሸዋው፣ ድንጋዩና መስታወቱ ሲጨመሩበት አንድ ኩንታል ይሞላል። የመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ አንድ ኩንታል ጤፍ የሚጭን ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ለእሱ ተብሎ የተሠራ መቆሚያ ግዢለት። ከመስኮቱም አርቂው። ፀሐይ ካገኘው ውሃው ይሞቃል፣ አልጌውም ይፈነጫል። የኤሌክትሪክ ገመዶቹ ደግሞ ከሶኬቱ በታች ወርደው ተመልሰው ይውጡ። ውሃ በገመዱ ላይ ቢንጠባጠብ መሬት ይወድቃል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዓሣ አትግዢ። ቢያንስ አንድ ወር፣ ምናልባትም ስድስት ሳምንት።

የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሽ የሆነውን ታስታውሻለሽ? ቅዳሜ ታንኩን ሞላሁ። እሁድ አንቺን ይዤ ዓሣ ቤት ሄድኩ። ሻጩ «24 ሰዓት ከሞላው ይበቃል» አለኝ። ሰው ያለውን አመንኩ። ሦስት ሰማያዊና አንድ ብርቱካናማ፣ በድምሩ አራት ዓሣ ይዘን ገባን። ረቡዕ ማታ ከሥራ ስመለስ ሁሉም ከውሃው አናት ላይ ተንጠልጥለዋል። ጉንጫቸው እንደ ወናፍ ቶሎ ቶሎ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ውሃውን አየሁት። እንደ መስታወት የጠራ ነው። ምን እንደነካቸው አልገባኝም። ዓርብ ላይ አንቺ በጫማ ካርቶን አድርገሽ ከሕንጻው ጀርባ ቀበርሻቸው። እናትሽ «ለሾርባ እንኳ የማይሆኑ» ብላ ልታስቅሽ ሞከረች፣ አልሳቅሽም።

የገደላቸው አሞኒያ ነበር። ዓሣ ይበላል፣ ቆሻሻ ይለቃል፣ ቆሻሻው አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ቀለም የለውም፣ ስለዚህ ጥራት ምንም አይነግርሽም። እሱን ወደ ናይትራይት የሚቀይር ባክቴሪያ አለ። ናይትራይትም መርዝ ነው። ሌላ ባክቴሪያ ደግሞ ያንን ወደ ናይትሬት ይቀይረዋል፣ ይሄኛው በጣም ካልበዛ አይጎዳም። እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት በድንጋዩና በአሸዋው ላይ ነው። አዲስ ታንክ ውስጥ የሉም።

እናትሽ እንጀራ ስታቦካ አይተሻል። ዱቄትና ውሃ ብቻ ብትቀላቅይ በማግስቱ እንጀራ አይሆንም። እርሾ ይፈልጋል። የአንቺም ደረቅ ድንጋይ እርሾ ያልነካው ሊጥ ነው። በጠርሙስ የሚሸጠውን ባክቴሪያ ጨምሪበት። ከዚያ ለአኳሪየም የሚሸጠውን፣ ሽታም ሳሙናም የሌለበትን አሞኒያ ጠብ እያደረግሽ የአሞኒያ መለኪያው በሊትር 2 ሚሊግራም እስኪል አድርሺው። የባክቴሪያው ምግብ እሱ ነው። በየሁለት ቀኑ ለኪ። መጀመሪያ አሞኒያው ይወርዳል፣ ናይትራይቱ ይወጣል። ቀጥሎ ናይትራይቱም ይወርዳል። የጨመርሽው አሞኒያ በ24 ሰዓት ውስጥ ጠፍቶ፣ ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆን ቦክቷል ማለት ነው። ከዚያ ብዙውን ውሃ ቀይሪና ዓሣ እናስባለን። እስከዚያው መብራቱን አታብሪ፣ ለማንም አይጠቅምም። ጓደኛሽ ከታንኩ ድንጋይ ቢሰጥሽ ጥሩ እርሾ ነው፣ ግን ያልጋበዝሽው እንግዳም አብሮ ሊገባ ይችላል። እኔ ብሆን የጠርሙሱን እመርጣለሁ።

ስለ ውሃው። ከቧንቧ አትቅጂ። እኛ እዚህ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የምንጠጣው ውሃ ጀርም የሚገድል፣ ዓሣንም የሚጎዳ ክሎራሚን አለበት። ክሎሪን በባልዲ ሲያድር ተንኖ ይጠፋል፣ ክሎራሚን ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ዓሣ ቤቶች አር-ኦ የሚሉትን የተጣራ ውሃ በጋሎን ይሸጣሉ፣ እሱን ግዢ። ጨዉም የወጥ ጨው አይደለም፤ ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ ያለበት የባህር ጨው ነው። ለአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ይገባል። ሳሙና ነክቶት በማያውቅ ባልዲ ውስጥ ውሃውን አስቀድመሽ ጨዉን ጨምሪበት፣ ፓምፕ ከተሽ ይደር። ጨው በቀጥታ ታንኩ ውስጥ የሚበትን ሰው አይቻለሁ። እኔው ነኝ።

ጨዋማነቱን የምትለኪበት ያ መርፌ ያለው ፕላስቲክ ነገር ይቅርብሽ። መርፌው ላይ አረፋ ከተለጠፈ ወደ ላይ ያነሳዋል፣ የሌለ ጨው አለ ብሎ ይዋሽሻል። ሪፍራክቶሜትር ያዢ። አንድ ጠብታ መስታወቱ ላይ ታደርጊያለሽ፣ ክዳኑን ትመልሺያለሽ፣ ወደ ብርሃን ዞረሽ በአንድ ዓይን ታያለሽ። ላዩ ሰማያዊ፣ ታቹ ነጭ ነው። የሚገናኙበት መስመር 35 ላይ ሲቆም ደህና ነው፤ በሌላኛው መስፈሪያ 1.026 አካባቢ ይላል። ሙቀቱን 78 ፋራናይት ላይ አቁሚው። ሂተሩን ግን ብቻውን አትመኚው፣ ጎኑ ቴርሞሜትር ይኑር።

እዚህ ጋ አሰብ ትዝ አለችኝ። አያትሽ ወደቡ ላይ ይሠሩ ነበር። እኛ ልጆቹ ጨው ወደሚመረትበት ሜዳ እየሄድን እንረብሻለን። የባህሩን ውሃ ሰፊ ሰፊ ገንዳ ውስጥ ያስገቡና ይተዉታል። ፀሐይዋ ውሃውን ትወስዳለች። ጨዉ ይቀራል፣ እንደ በረዶ እያበራ። ባዶ እግራችንን ስንረግጠው ጭረታችን ላይ እየገባ ያቃጥለን ነበር። ከ1983 ወዲህ ያንን ሜዳ አላየሁትም።

ታንክሽም ያው ትንሽ የአሰብ ገንዳ ነው። በየቀኑ ውሃው ይቀንሳል፣ ጨዉ ግን የትም አይሄድም። ስለዚህ የጎደለውን የምትሞዪው ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ነው። ጨዋማ ውሃ ከሞላሽ ጨዉ በየቀኑ እየከረረ ይሄዳል። መስታወቱ ላይ በቴፕ ምልክት አድርጊ፣ ጠዋት ቡናሽን ስታፈዪ ምልክቱ ድረስ ሙዪ። ታንኩ ትንሽ ስለሆነ ሁለት ቀን ከዘነጋሽው ይታወቅበታል። ጨዋማ ውሃ የምትጨምሪው በየሳምንቱ ከአሥር እጅ አንዱን ስትቀይሪ ብቻ ነው።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ አሸዋው ላይ ቡናማ ነገር ይነጠፋል። የቡና አተላ የተደፋበት ይመስላል። ትደውዪልኛለሽ፣ ታለቅሻለሽ። አይዞሽ፣ አዲስ ታንክ ሁሉ ያልፍበታል። ያኔ እሱን የሚለቅሙ ጥቂት ቀንድ አውጣና ሁለት ሄርሚት ክራብ (በባዶ ቅርፊት ውስጥ የሚኖር ሸርጣን) አስገቢ። ለክራቦቹ ባዶ ቅርፊት በትንሹም በትልቁም አድርጊላቸው። ቤት ሲጠባቸው ቀንድ አውጣውን ገድለው ቤቱን ይወርሳሉ።

ከዚያ ሁለት ክላውን ዓሣ። በእርባታ የተፈለፈሉትን ጠይቂ፣ ከባህር ከተያዙት ይልቅ ታንክ ለምደዋል። አንዱ ከሌላው ትንሽ ከፍ ይበል። ሁሉም ወንድ ሆነው ነው የሚያድጉት። ጉልበተኛው ሴት ይሆናል፣ ሌላው ወንድ ሆኖ ይቀራል። ትንሹ ትልቋ ፊት ሲቀርብ ጎኑን ሰጥቶ ይንቀጠቀጣል። የታመመ እንዳይመስልሽ፣ «እሺ እመቤቴ» ማለቱ ነው። እናትሽ ይሄን ስነግራት «እንዴት ያለ አስተዋይ ዓሣ ነው» አለች። በባህር ውስጥ የሚጠለሉበት አኒሞኒ የሚባል አበባ መሳይ እንስሳ አለ፣ ግን የግድ አያስፈልጋቸውም። ለአንድ ዓመት እንዳታስቢው።

እነሱ ከተረጋጉ፣ ሌላ አንድ ወር ቆይተሽ፣ ጎቢ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ ከፒስቶል ሽሪምፕ ጋር አስገቢ። ሻጩ አብረው የሚስማሙትን ዓይነት ይምረጥልሽ። የእኔ ምርጫ እነዚህ ናቸው። ሽሪምፑ ዓይኑ ደካማ ነው፣ ግን ጎበዝ ቆፋሪ ነው። ቀኑን ሙሉ እንደ ቡልዶዘር አሸዋ እየገፋ ከጉድጓዱ ያወጣል። ጎቢው በር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ሽሪምፑ ሲወጣ አንዱን አንቴናውን ዓሣው ጀርባ ላይ ያሳርፋል፣ አይነቅለውም። ዓሣው ጭራውን ነቅነቅ ካደረገ ሁለቱም ጉድጓድ ናቸው። እኔ ወንበር ስቤ አንድ ሰዓት አየሁዋቸው። ደግሞ ሌሊት ሽሪምፑ ትልቁን መቆንጠጫውን ሲያጮህ መስታወት የተሰነጠቀ ይመስላል። የመጀመሪያ ቀን ፎጣ ይዤ ሳሎን ድረስ ሮጫለሁ። ድንጋዮቹን ግን አሸዋ ሳይገባ የታንኩ ወለል ላይ አስቀምጪያቸው። አለዚያ ከሥራቸው ቆፍሮ ይንዳቸዋል።

በዚህ ይብቃ። አራተኛ ዓሣ አትጨምሪ። ያንን ቢጫ ጭራ ያለውን ሰማያዊ ዓሣ እንደምትፈልጊው አውቃለሁ፣ በስልክ ሁለቴ አነሳሽው። ሱቅ ውስጥ አውራ ጣት ያህላል። ሲያድግ 30 ሴንቲሜትር ይደርሳል፣ ቀኑን ሙሉም ይዋኛል። 20 ጋሎን ለእሱ ሊፍት ውስጥ መኖር ነው። አይሆንም።

ምግቡን በቀን አንዴ፣ ትንሽ። እንደ እናትሽ አታጉርሻቸው። ዓሣ ቢታመም የመዳብ መድኃኒት ታንኩ ውስጥ እንዳትጨምሪ። ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ይፈጃል። በሽተኛው ለብቻው በሌላ ዕቃ ይታከም። ኋላ ኮራል ካማረሽ ዞአንቲድ የሚባሉትን ያለ ጓንትና ያለ መነጽር አትንኪ። የተለጠፉበትን ድንጋይ ደግሞ በጭራሽ አትቀቅዪ። አንዳንዶቹ ውስጥ ያለው መርዝ ሰው ሆስፒታል ያስገባል። ቀልድ አይደለም።

የእኔን ሪፍራክቶሜትር ዛሬ በፖስታ ላክሁልሽ። በካልሲ ጠቅልዬ ከበርበሬውና ከሽሮው መሀል አድርጌዋለሁ። እናትሽ በርበሬውን በሦስት ፌስታል አስራዋለች፣ አይፈስም ብላለች። ብቻ መጀመሪያ መስታወቱን አሽትቺው። በርበሬ በርበሬ ካለ በአር-ኦው ውሃ እጠቢውና በ35ቱ ማስተካከያ ፈሳሽ ለክተሽ አስተካክዪው።

እሁድ ስትደውዪ አስቀድመሽ የአሞኒያውን ቁጥር ንገሪኝ። እናትሽ የምትጠይቅሽ ሌላ ነገር አላት፣ እሱን ከዚያ በኋላ ትመልሺላታለሽ።

አባትሽ