የታሪክ ክበብ፦ ከአንድ ኳስ ተጫዋች ጋር የከረምንበት ዓመት

ክበባችን ዘንድሮ ሥራ የጀመረው በጭቅጭቅ ነው። ዓመቱን ሙሉ አንድ ሰው እናጥና ብዬ ሐሳብ ሳቀርብ ግማሹ ንጉሥ ይሁን አለ፤ ግማሹ ኳስ ተጫዋች። እኔ በልቤ ወታደር ፈልጌ ነበር። በመጨረሻ ያስታረቀን ዋልተር ታል ነው። ኳሱም፣ አንደኛው የዓለም ጦርነትም አለው፤ ንጉሥ ፈላጊዎቹ ግን እስከ ኅዳር አኩርፈዋል።

ታል በ1888 እንግሊዝ አገር ፎክስቶን ተወለደ። አባቱ ከባርቤዶስ የሄደ አናጢ ነው፤ እናቱ እንግሊዛዊት። በ7 ዓመቱ እናቱ፣ በ9 ዓመቱ አባቱ ሞቱበት። እሱና ወንድሙ ኤድዋርድ ለንደን ወደሚገኝ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ገቡ። በኋላ ኤድዋርድን የግላስጎው ቤተሰብ ወሰደው፤ አድጎም የጥርስ ሐኪም ሆነ። ዋልተር እዚያው ማሳደጊያው ቀረ።

ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የፈረንጅ ነው። ይህን በደንብ ባለመናገሬ አንዱ ተማሪዬ 1914ን በእኛ ቆጥሮ «ቲቸር፣ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው እንዴ የዘመተው?» ብሎ ጠየቀኝ። ስሌቱ ትክክል ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ኳሱ ላይ ብዙ ቆየን። ታል ክላፕተን ከሚባል የአማተር ክለብ ጋር ዋንጫ አንስቶ በ1909 ለቶተንሃም ፈረመ። የፊርማው 10 ፓውንድ፣ ደሞዙ በሳምንት 4 ፓውንድ፤ ያኔ ከዚህ በላይ መክፈል አይፈቀድም ነበር። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ የቆመው ብሪስቶል ስንደርስ ነው። በዚያው ዓመት እዚያ ሲጫወት ከተመልካቹ የተወሰኑት በቀለሙ የተነሳ የስድብ መዓት አወረዱበት። አንድ ጋዜጠኛ ተሳዳቢዎቹን ወቅሶ ታልን አሞግሶ ጻፈ። ታል ግን ብዙም ሳይቆይ ወደ ተጠባባቂው ቡድን ወረደ። ለቶተንሃም በሊጉ 10 ጨዋታ ተጫውቶ 2 ጎል ብቻ ነው ያገባው። በ1911 ኖርዝሃምፕተን ወሰደው፤ አሰልጣኙ በኋላ በአርሰናል የገነነው ኸርበርት ቻፕማን ነው። እዚያ ከ100 ጨዋታ በላይ ተሰለፈ።

በታኅሣሥ ወር 1914 ኳሱን ትቶ ለኳስ ተጫዋቾች በተቋቋመው ሻለቃ ተመዘገበ። ፈረንሳይ ውስጥ በሶም ተዋጋ። በግንቦት 1917 ምክትል መቶ አለቃ ሆኖ ተሾመ። የሠራዊቱ ደንብ የአውሮፓ ዘር የሌለው ሰው መኮንን እንዳይሆን ይከለክል ነበር። ደንቡ ሳይሻር ሹመቱ ተሰጠ፤ ያም ሆኖ ነጮችን አዘዘ። ጣሊያን ውስጥ የፒያቬን ወንዝ በሌሊት አሻግሮ 26 ወታደር መርቶ ሁሉንም በሰላም መለሰ። ጄኔራሉ በጀግንነቱና በእርጋታው አመሰገነው።

የዓመቱ ትልቁ ትምህርት የመጣው ግን ከግድግዳ ጋዜጣችን ነው። ልጆቹ በቀይ ማርከር፣ በጣም በትልቁ፣ «የመጀመሪያው ጥቁር ፕሮፌሽናል ተጫዋች» ብለው ጻፉ። አክራ ተወልዶ ከሱ 20 ዓመት ቀድሞ ፕሮፌሽናል የሆነ አርተር ዋርተን የሚባል በረኛ ነበር። ተሰረዘ። «የመጀመሪያው ጥቁር መኮንን» ብለው ቀየሩት፤ እሱም አከራካሪ ነው። ተሰረዘ። ቀጥሎ «የጦር መስቀል ኒሻን የተሸለመ» አሉ። እሱም አልተሸለመም። ለኒሻን ታጭቶ እንደነበር አንድ መኮንን ለወንድሙ በደብዳቤ ጽፏል፤ የእጩነቱ ወረቀት ግን አልተገኘም። ወረቀቱ በነጭ ማጥፊያ ተለቅልቆ የተለሰነ ግድግዳ መሰለ። አንዷ ተማሪ ተናዳ «እንግዲያው ምን ቀረለት?» አለችኝ። እኔም ያን ቀን መልስ አልነበረኝም።

መልሱን ያገኘነው ሰኔ ላይ፣ በወላጆች ቀን ድራማ ነው። ታል መጋቢት 1918 ፈረንሳይ ውስጥ ፋቭሬይ አጠገብ በጥይት ወደቀ። ቶም ቢሊንግሃም የሚባል ወታደር፣ የቀድሞ የሌስተር በረኛ፣ ተኩሱ መሃል ሊጎትተው ሞከረ። አልቻለም። አስከሬኑ አልተገኘም፤ ስሙ አራስ በሚገኘው የመታሰቢያ ግድግዳ ላይ ተቀርጿል።

ቢሊንግሃምን የሠራው የትምህርት ቤታችን በረኛ ነው፤ በጓንቱ ወጣ። ታልን የሠራው ልጅ ደግሞ ከክበቡ ወፍራሙ ነው። መጎተት ሲጀምር ወላጅ ሁሉ ሳቀ። ልጁ ግን አልተወውም። ብብቱን ይዞ ይጎትታል፣ ይንሸራተታል፣ እንደገና ይይዛል። ልምምድ ላይ ሦስት ጊዜ ብቻ ነበር የተስማማነው፤ እኔ ስቆጥር ሰባት ደርሷል። ሳቁ መቼ እንደጠፋ አላወቅሁም። በመጨረሻ ጓንቱን አውልቆ ከልጁ ጎን አስቀመጠና ብቻውን ወጣ። ይህ ድርሰቱ ውስጥ አልነበረም።

በማግስቱ ያች የተናደደችው ልጅ የጋዜጣውን ርዕስ አዲስ ወረቀት ላይ ጻፈችው፦ «ዋልተር ታል፣ 1888–1918»።