ሳልመልስልሽ ስለ ቀረሁት ደብዳቤ

ለንደን፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እኅቴ ለአስቴር፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በሐሞት ከረጢትሽ ውስጥ ጠጠር ተገኝቶ ባሕር ዳር በቀዶ ሕክምና እንደ ተገላገልሽ፣ ወደ ደብረ ማርቆስም በደህና ተመልሰሽ ማስተማርሽን እንደ ቀጠልሽ ወንድምሽ ነግሮኛል። ይህን ከአንቺ አንደበት ሳይሆን ከእሱ የሰማሁት በማን ጥፋት እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ይቅርታ በመጠየቅ እጀምራለሁ።

በ2014 ዓ.ም. የላክሽልኝን ረጅም መልእክት እስከ ዛሬ አላጠፋሁትም። ሕመምሽ መቼ እንደ ጀመረሽ፣ ምን ስትበዪ እንደሚብስብሽ፣ ሌሊት በየትኛው ጎንሽ መተኛት እንደማትችዪ አንድ በአንድ ጽፈሽ፣ በመጨረሻ «አንቺ ሐኪም ቤት ለሰው እያስተረጎምሽ ከሐኪሞች ጋር ስለምትውዪ አንዱን ጠይቂልኝ» ብለሽኝ ነበር። እኔም እንግሊዝኛውን አሳምሬ ተርጉሜ ለአንዲት ለማውቃት ሐኪም ላሳያት አሰብሁ። ነገር ግን «ከጎድን አጥንቴ ሥር ፍም የተቀበረ ይመስለኛል» ያልሽውን ቃል እንዴት እንደማደርገው ግራ ገባኝ። «ያቃጥላታል» ብዬ ብጽፈው ያንቺ ነገር አልመስል አለኝ፤ እንዳለ ብተወው ደግሞ ሐኪሟ እንዳትስቅ ፈራሁ። ነገ እጨርሰዋለሁ እያልሁ ሳምንቱ ወር ሆነ፤ ወሩ ሲደራረብም ኀፍረቱ ከሥራው በለጠና ስልክ መደወሉን እንኳ ተውሁት።

አሁን እንድጽፍልሽ ያስገደደኝ ባለፈው ክረምት ማንበብ የጀመርሁት ነገር ነው። በአሥራ ሰባተኛውና በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር የታመመ ሰው፣ ፊደል የቆጠረና አቅም ያለው ከሆነ፣ ሩቅ ላለ ሐኪም ደብዳቤ ጽፎ ምክር ይጠይቅ ነበር። ሐኪሙም ሕመምተኛውን በዓይኑ ሳያይ፣ በእጁ ሳይዳስስ፣ የተጻፈለትን ብቻ አንብቦ መድኃኒት ያዝዝለት ነበር። ነገሩን መጀመሪያ ስሰማ የድንቁርና ዘመን ሥራ መስሎኝ ነበር፤ ደብዳቤዎቹን ካነበብሁ በኋላ ግን እንደዚያ ብዬ ልናገር አልችልም።

ከእነዚህ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የተጻፉት ለሰር ሃንስ ስሎን ነው። ስሎን በፈረንጆች አቆጣጠር (ከዚህ በኋላም የምጠቅሳቸው የጥንት ዓመታት እንደዚሁ ናቸው) በ1660 በአየርላንድ ተወልዶ በ1753 በዘጠና ሁለት ዓመቱ የሞተ፣ የለንደን የሐኪሞች ኮሌጅም ሮያል ሶሳይቲ የሚባለው የሳይንስ ማኅበርም ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው ነው። ሲሞት ትቶት የሄደው ስብስብ የብሪቲሽ ሙዚየም መሠረት ሆነ። ከሀብቱ ከፊሉ ሚስቱ ከወረሰችው የጃማይካ የስኳር እርሻ፣ ማለትም በባርነት ከተያዙ አፍሪካውያን ጉልበት የመጣ መሆኑንም ሳልጠቅስ ማለፍ አልወድም። ባቡሬ በስሙ በተጠራው ጣቢያ ባለፈ ቁጥር ሁለቱም ነገር ይታሰበኛል። ለእሱ የተጻፉት ደብዳቤዎች ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ተጠብቀው ይገኛሉ፤ ከሕመምተኞቹ ከራሳቸው፣ ባል ስለ ሚስቱ፣ አባት ስለ ልጁ፣ የገጠር ሐኪምም ስላስቸገረው በሽተኛ የጻፏቸው ናቸው።

አስቴር፣ አንቺ የጻፍሽልኝ መልእክት ከእነሱ መካከል ቢቀመጥ በቋንቋው ካልሆነ በቀር አይለይም። እነሱም የሚጀምሩት ከመጀመሪያው ነው፤ ሕመሙ በስንት ዓመታቸው እንደ ጀመራቸው፣ ከዚያ በፊት ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበሩ፣ እንቅልፋቸው፣ የምግብ ፍላጎታቸው፣ ሽንታቸውና ሰገራቸው፣ ሴት ከሆነች የወር አበባዋ፣ እስካሁንም ማን ምን መድኃኒት እንደ ሰጣቸውና ምን እንዳደረገላቸው ይዘረዝራሉ። ለባል ወይም ለንስሐ አባት ለመናገር የሚያሳፍረውን ነገር ሁሉ ፊቱን አይተውት ለማያውቁት ሰው በቀለም ያሰፍሩታል። ወረቀት ኀፍረትን ያቀልላልና ይህ አያስደንቀኝም።

ሐኪሙ ሳያይ እንዴት ደፍሮ ያዝዝ ነበር ብለሽ መጠየቅሽ አይቀርም። በዚያ ዘመን ሐኪም ሕመምተኛው አጠገቡ ቢቀመጥ እንኳ ብዙ አይዳስሰውም ነበር። የልብ ምቱን በእጁ ይይዛል፣ ምላሱንና ሽንቱን ያያል፤ ከዚያ የቀረው ሁሉ ጥያቄና መልስ ነው። ደረት ማዳመጫው እንኳ በፈረንሳይ አገር የተፈለሰፈው በ1816 ነው። ስለዚህ የሕክምናው ዋና መረጃ የሕመምተኛው ቃል ነበር፤ ቃል ደግሞ በፖስታ ይሄዳል። ከዚህም በላይ ጤና ማለት የአራት ፈሳሾች፣ የደም፣ የአክታ፣ የቢጫ ሐሞትና የጥቁር ሐሞት ሚዛን ነው ብለው ያምኑ ነበር። የእኛ ሊቃውንት ሰው ከእሳት፣ ከነፋስ፣ ከውሃና ከመሬት ተፈጠረ ብለው አራቱን ባሕርያተ ሥጋ ሲያስተምሩ የሰማሽ አንቺ ይህ አሳብ ሩቅ አይሆንብሽም። ሚዛኑም በየሰው ይለያያል ስለሚሉ፣ ሐኪሙ በሽታውን ብቻ ሳይሆን የሰውየውን ጠባይ፣ አበላልና አኗኗር ማወቅ ነበረበት። ይህን ደግሞ ከራሱ ከባለቤቱ በቀር በደንብ የሚናገር አልነበረም።

የሚያዝዙት መድኃኒት ግን ዛሬ ሳነበው ልቤን ያሳዝነዋል። ደም ማስወጣት፣ የሚያስቀምጥና የሚያስመልስ መድኃኒት መስጠት፣ ቆዳ እስኪያብጥ የሚለጠፍ ነገር ማድረግ፣ ወይም ወደ ባዝ ከተማ ሄዶ ፍል ውሃውን መጠጣትና መታጠብ ነበር። ለወባ ዓይነቱ ትኩሳት ከፔሩ የሚመጣው የዛፍ ቅርፊት በእርግጥ ይረዳ ነበር፤ ከቀረው ውስጥ ግን ብዙው በሽተኛውን የሚያደክም ነው። ትእዛዙ በላቲን ተጽፎ ለመድኃኒት ቀማሚው ይሰጣል፤ ሕመምተኛው ምን እንደሚጠጣ በቅጡ ሳያውቅ ይጠጣዋል። እንግዲህ ይህን እያወቅሁ ዘመኑን ላመሰግንልሽ አይደለም የምጽፈው።

ልቤን የያዘው በሕመምተኛውና በሐኪሙ መካከል ስለሚቆመው ሰው የተረዳሁት ነገር ነው፤ ሥራዬ ስለ ሆነ ይሆናል። ከስሎን መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በቡኪንግሃምሻየር በግሬት ሊንፎርድ መንደር ሪቻርድ ናፒየር የሚባል ቄስ ነበር፤ ከዋክብት እየቆጠረ ሕክምና ይሰጥ ነበር። ሰዎች ራሳቸው ይመጡበታል፣ ደብዳቤ ይልኩበታል፣ ሽንት በጠርሙስ አስይዘውም መልእክተኛ ይሰድዱበታል። እሱና መምህሩ ሳይመን ፎርማን ከ1596 እስከ 1634 ድረስ በመዝገባቸው ወደ 80,000 የሚጠጋ ጉዳይ ጽፈው አልፈዋል። በዚያ መዝገብ ላይ አንድ ነገር አየሁ፤ ስለ ሌላ ሰው ሊጠይቅ የመጣው ሰው በሕመምተኛው ፈቃድ መምጣቱን ወይም ያለ ፈቃዱ መምጣቱን ይጽፉ ነበር። ይህ ለከዋክብቱ ስሌት ያስፈልጋል ብለው እንጂ እንደ ዛሬው ስለ ሕመምተኛው መብት ተጨንቀው አይመስለኝም። ቢሆንም፣ እናቱን ይዞ መጥቶ «ካንሰር መሆኑን አትንገሪያት» ብሎ በጆሮዬ የሚያንሾካሹክ ልጅ በገጠመኝ ቁጥር ያ አጭር ማስታወሻ ትዝ ይለኛል። ማን ፈቅዶለት ነው ስለ ማን የሚናገረው የሚለው ጥያቄ አራት መቶ ዓመት ሙሉ ከሥፍራው አልተነሣም።

ከሁሉ በላይ የከነከነኝን ልንገርሽ። ፈላስፋው ጆን ሎክ ሐኪምም እንደ ነበር ታውቂ ይሆናል። በ1677 ፓሪስ ሳለ የእንግሊዝ አምባሳደር ሚስት የነበረችው የኖርዘምበርላንድ ካውንቴስ (የመኳንንት ማዕረግ ነው) ፊቷን ክፉኛ ታመመችና እንዲያያት ተጠራ። ጥርሷ ነው ብለው ሁለት ነቅለውላት ነበር፤ ሕመሙ ግን አልተዋትም። ሎክ ለብቻው ሊወስን ስላልወደደ በታኅሣሥ ወር መጀመሪያ ለንደን ላለው ወዳጁ ለሐኪሙ ለጆን ሜፕልቶፍት ጽፎ ምክር ጠየቀ። በዚያ ደብዳቤ ውስጥ ስለ ሕመሙ ሲናገር «እመቤቲቱ ራሷ እንደምትለው» ብሎ ይጀምርና የቀኝ ፊቷን በሙሉ ድንገት የእሳት ብልጭታ እንደሚወጋት ይጽፋል። ስሜቱን በላቲን ስም አልሸፈነውም፤ ቃሏን በእሷ ስም ለብቻው አስቀመጠላት። የዛሬ ሐኪሞች ያንን ደብዳቤ ሲያነብቡ በሽታው የፊት ነርቭ ሕመም መሆኑን ያለ ብዙ ክርክር ያውቁታል፤ የሚያውቁትም ከሁሉ ይልቅ በዚያ ቃል ነው።

ይህን ባነበብሁ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሎክ የእሳት ብልጭታውን ሳያፍር ከፓሪስ ወደ ለንደን ሲያሻግር፣ እኔ ያንቺን ፍም ለማሻገር አፈርሁ። ሐኪሟ ትስቃለች ብዬ የፈራሁት ቃል ምናልባት ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅማት ነበር። ከቀኝ ጎድን አጥንት ሥር፣ ቅባት ከተበላ በኋላ፣ በሌሊት የሚነሣ ፍም ብለሽ ነበርና፣ እንዳለ ባነብላት ኖሮ ሐሞትሽን እንድትመረመሪ ቶሎ ሳትነግረኝ አትቀርም ነበር እላለሁ። ይህን ካሰብሁ ወዲህ ሥራዬን የምሠራው በሌላ መንገድ ነው። አንዲት እናት «ልቤን ነፋኝ» ካሉ «ልቤን ነፋኝ» ብዬ ለሐኪሙ ቃል በቃል እነግረዋለሁ፤ ትርጉሙን የማስረዳው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሐኪሙም ምን ማለታቸው እንደ ሆነ መልሶ እሳቸውን እንዲጠይቅ አደርጋለሁ።

ደብዳቤ የሚጽፉ ሰዎች መልስ መጠበቅን ከእኛ ይልቅ ያውቁት ነበር። ከለንደን ወደ ክፍላተ አገር የሚሄደው ፖስታ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ይነሣ ነበር፤ ክፍያው በርቀቱና በወረቀቱ ብዛት ይሰላል፣ ብዙውን ጊዜም የሚከፍለው ተቀባዩ ነው። ትኩሳት የያዘው ሰው መልሱ እስኪመጣ ወይ ይድናል ወይ ይሞታል። ስለዚህ ይህ መንገድ የሚስማማው እንደ ሪህ፣ እንደ ኩላሊት ጠጠርና እንደ ጭንቀት ላለ፣ ከሰው ጋር ለሚያረጅ ሕመም ነበር። መልሱ ሲዘገይ ደግመው ይጽፋሉ፤ ምናልባት ደብዳቤው በመንገድ ጠፍቶ ይሆናል ብለው ለዝምታው ሰበብ ይፈልጉለታል። አንቺም ከመልእክትሽ ሁለት ወር በኋላ «ምናልባት አልደረሰሽ ይሆናል» ብለሽ ደግመሽ ጽፈሽልኝ ነበር። ደርሶኝ ነበር፣ አስቴር።

አሁን ጠጠሩ ከወጣልሽ በኋላ ስለ ጤናሽ መጠየቄ ዘግይቶ እንደ ሆነ ይገባኛል። ቢሆንም በስልክ «ደህና ነኝ» ብለሽ እንድትዘጊው አልፈልግምና፣ ጊዜ ስታገኚ እንደ ያኔው ከመጀመሪያው ጀምረሽ ጻፊልኝ። ቁስሉ እንዴት ነው? ወጥ መብላት ጀምረሻል? በቀኝ ጎንሽ መተኛት ትችያለሽ? ከጎድን አጥንትሽ ሥር የነበረው ፍምስ ጨርሶ ጠፋ ወይስ አልፎ አልፎ ይሰማሻል? የሚሰማሽ ከሆነ፣ ያቺ ሐኪም አሁንም እኛ ዘንድ ስላለች፣ ቃልሽን እንዳለ ይዤ እሄዳለሁ።

ለእናትሽና ለወንድምሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

እኅትሽ
ሰብለ