ቶኑን ቆጠራችሁ፣ ዳቦውንስ?

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በኢራን በኩል ወደ ሶቪየት ኅብረት ስለተላለፈው የጦር ስንቅና ትጥቅ ባለፈው እሑድ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከ4 ሚሊዮን ቶን በላይ ዕቃ በዚያ መንገድ ማለፉን ጽፋችኋል። ትክክል ነው። ያ ዕቃ ሂትለርን ለማሸነፍ ማገዙንም አልክድም። ያላስተኛኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ኢራን “ለቃል ኪዳን አገሮች”፣ ለእነ እንግሊዝና ሶቪየት ኅብረት ማለት ነው፣ “በሯን ከፈተች” ይላል።

በሩን የከፈተ ኢራናዊ የለም። ነሐሴ 19 ቀን 1933 ዓ.ም. ማለዳ የእንግሊዝ ጦር ከደቡብና ከምዕራብ፣ የሶቪየት ጦር ከሰሜን ጥሶ ገባ። ኢራን ገለልተኛ መሆኗን ያወጀች አገር ነበረች። ለወረራው የተሰጠው ምክንያት በአገሪቱ የሚኖሩት ጀርመኖች ናቸው፤ የተፈለገው ግን ሐዲዱና ነዳጁ ነበር። ሬዛ ሻህ መስከረም 6 ቀን 1934 ዓ.ም. ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለቀው በእንግሊዞች ወደ ሞሪሸስ ተወሰዱ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ጆሃንስበርግ ላይ በስደት ሞቱ። ለሳቸው ጥብቅና መቆሜ አይደለም፤ በሕዝባቸው ላይ የጨከኑ ንጉሥ ነበሩ። አገሪቱ ግን የሳቸው ብቻ አልነበረችም።

እኔ በምድር ባቡር 31 ዓመት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ስለ ሐዲዱ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ እስከ ካስፒያን ባሕር የሚደርሰው የኢራን የባቡር መስመር 1,394 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው፤ ከ200 በላይ ዋሻዎችን ያልፋል። የተሠራው ያለ ውጭ ብድር ነው። ገንዘቡ የተገኘው በስኳርና በሻይ ላይ ከተጣለ ቀረጥ ነበር። ኢራናዊ ሻይ ሲጠጣ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ስኳሩን ድቡልቡል እንዳለ በጥርሱ ይዞ ሻዩን በላዩ ላይ ያሳልፈዋል። እንግዲህ የድሃው ሁሉ ጉርሻ ለዚያ ሐዲድ ብረትና ድንጋይ ገዝቷል። መስመሩ በ1930 ዓ.ም. አለቀ፤ ሦስት ዓመት ሳይዘልቅ በባዕድ እጅ ገባ።

ባቡር ላይ ያልሠራ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ሐዲዱ ነጠላ ከሆነ ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት ሲመጡ አንዱ ጣቢያ ላይ ጥግ ይዞ ይቆማል፣ ሌላው ያልፋል። ሌሊቱን ሙሉ የምንሠራው ሥራ ይኸው ነበር፤ ማን ይቁም፣ ማን ይለፍ። መስመሩ የማን እንደሆነ ለማወቅ የርስቱን ወረቀት ማየት አያስፈልግም፤ ይህን የሚወስነው ማን እንደሆነ ማየት ይበቃል። በኢራን በነዚያ ዓመታት የሚያልፈው ወደ ሰሜን የሚሄደው ታንክና ጥይት ነበር፤ የሚቆመው የአገሬው ስንዴ ነበር። የጭነት መኪናውም ለጦሩ ሥራ ተወሰደ። የአገሪቱ የእህል ጎተራ የሆነው የሰሜን ምዕራብ ኢራኑ አዘርባጃን ክፍለ ሀገር ደግሞ በሶቪየት ጦር ሥር ስለነበር ከዚያ ወደ ቴህራን እህል እንደ ልብ አይወጣም። የኢራን ገንዘብ ሪያል ከእንግሊዝ ፓውንድ አንጻር ዋጋው እንዲወርድ ተደረገ፤ የባዕድ ጦር በርካሽ በሚያገኘው ሪያል ገበያውን ሲሸምት ዋጋ ሰማይ ነካ። እርግጥ ነው፣ እህል የደበቁ ባለርስቶችና ነጋዴዎችም ነበሩ። የእነሱን ጥፋት በእንግሊዝና በሩሲያ ላይ አልጭንም።

ኅዳር 29 ቀን 1935 ዓ.ም. የቴህራን ሕዝብ ዳቦ እያለ ወደ ምክር ቤቱ ወጣ። ሱቆች ተዘረፉ፤ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የአሕመድ ቀዋም ቤት ተቃጠለ፤ ወታደሮች ተኩሰው ሰው ገደሉ። የእንግሊዝ ወታደሮችም ዋና ከተማዋ ውስጥ ገቡ። ረኃቡን ተከትሎ ተስቦ መጣ። ቀደም ብሎ በ1934 ዓ.ም. ከሶቪየት እስር ቤቶችና ካምፖች የተለቀቁ ከ100 ሺህ በላይ ፖላንዳውያን፣ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት፣ በካስፒያን ባሕር በኩል ኢራን ደርሰው ነበር፤ የተራበው አገር እነሱንም ተቀብሎ አስተናገደ። በጽሑፋችሁ ውስጥ ስለዚህ ሁሉ አንዲት መስመር አላገኘሁም።

ሌላም አለ። ጥር 21 ቀን 1934 ዓ.ም. ኢራን ከእንግሊዝና ከሶቪየት ኅብረት ጋር በፈረመችው ውል ላይ የጦሮቹ መኖር “ወታደራዊ ይዞታ” አይደለም ተብሎ ተጽፏል። እናንተም ይህን አንቀጽ እንደ ማስረጃ አቅርባችሁታል። አገራቸው ውስጥ የባዕድ ጦር ተቀምጦ ሳለ የፈረሙ ሰዎች ቃል ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ከዚያ ውል ሁለት ቀን በኋላ፣ ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ የእኛም መንግሥት ከእንግሊዝ ጋር ተፈራረመ። ነጻነታችን ታወቀልን፤ ነገር ግን የእንግሊዝ መልእክተኛ ከሌሎች አገሮች መልእክተኞች ሁሉ ቅድሚያ እንዲኖረው ተደረገ፤ የጅቡቲው ባቡርም እስከ ታኅሣሥ 1937ቱ ስምምነት ድረስ በእንግሊዝ ጦር ቁጥጥር ሥር ቆየ። ድሬዳዋ ላይ በባቡሩ ጥገና ክፍል ይሠሩ የነበሩት አባቴ ያንን ጊዜ ሲያነሡ “ሐዲዱ የኛ፣ ፊሽካው የነሱ” ይሉ ነበር። የኢራንን ታሪክ ሳነብ ትዝ የሚሉኝ እሳቸው ናቸው።

አሜሪካውያን የመጡት ኋላ ነው። ከታኅሣሥ 1935 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 30 ሺህ የሚደርሱ ወታደሮች ገብተው ወደቡንና የደቡቡን ሐዲድ ተረከቡ። ሥራ ያውቁ ነበር፤ የእንፋሎቱ ባቡር በበረሃው ውሃ ሲያጣና በዋሻዎቹ ውስጥ ነጂዎቹን በጭስ ሲያፍን፣ እነሱ የናፍጣ ባቡር አመጡ። ይህን ማመስገን ለእኔ ቀላል ነው። ኢራናውያንም ሁለቱን ኃያላን ጎረቤቶች በሩቁ ሦስተኛ ለማመዛዘን ተስፋ አድርገው ነበር፤ እኛም በዚያው ዘመን ከእንግሊዝ ሽልንግ ለመላቀቅ ከአሜሪካ ባገኘነው የብር ማዕድን የ50 ሳንቲም ገንዘብ አስቀርጸናል። የኢራን ግን ከዚያ እጅግ አልፎ ሄደ። የገንዘብ አስተዳደሩ ለአሜሪካዊው አርተር ሚልስፖ፣ የጸጥታ ጦሩ ሥልጠና ለኮሎኔል ኖርማን ሽዋርዝኮፍ ተሰጠ።

ጦሮቹ ሁሉ ለቀው መውጣት የነበረባቸው የካቲት 23 ቀን 1938 ዓ.ም. ነበር። የአድዋ ድል ልክ 50 ዓመት የሞላበት ቀን መሆኑን ሳሰላ ደንግጫለሁ። እንግሊዝና አሜሪካ ወጡ፤ ሶቪየት አልወጣም አለ። ኢራን ገና ወራት ብቻ ላስቆጠረው የጸጥታው ምክር ቤት አቤት ብላ፣ ከሶቪየት ጋር የነዳጅ ስምምነትም ተፈራርማ፣ በግንቦት ወር ወጡላት። የኢራን ምክር ቤት ያንን ስምምነት በጥቅምት 1940 ዓ.ም. ውድቅ አደረገው።

ጽሑፋችሁ “በዚህም የውጭ ኃይሎች ተጽዕኖ አበቃ” ብሎ ይዘጋል። በነሐሴ 1945 ዓ.ም. የኢራኑ ጠቅላይ ሚኒስትር የመሐመድ ሞሳዴቅ መንግሥት በአሜሪካና በእንግሊዝ የስለላ ድርጅቶች ሤራ ሲገለበጥ፣ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብለው ሻሁን፣ የሬዛ ሻህን ልጅ፣ እንዲያግባቡ ወደ ቴህራን የተላኩት ያው ሽዋርዝኮፍ ናቸው። ቤተ መንግሥቱን የለመዱት በጦርነቱ ዘመን ነበር።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ “በሯን ከፈተች” እና “ተጽዕኖ አበቃ” የሚሉትን ሁለት አባባሎች እንድታርሙ እጠይቃለሁ። ቦታ ከተገኘም ኅዳር 29 ቀን ቴህራን ላይ የሆነውን ጻፉት፤ ከቶኑ ቁጥር አጠገብ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የምድር ባቡር ሠራተኛ
ድሬዳዋ