ነጩን ሄልሜት መሸጥ ለምን እንዳቆምን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ባለፉት ሁለት ዓመታት የስታር ዋርስ ፊልም ወታደሮች የሚያደርጉትን ነጩን የስቶርምትሩፐር ሄልሜት ከእኛ የገዛችሁት 37 ናችሁ። ይህ ደብዳቤ በመጀመሪያ ለእናንተ ነው። ሌሎቻችሁም ብታነቡት ደስ ይለናል።

እንግሊዝኛውን ባለፈው ሳምንት ልከናል። ይህኛውን ግን ቁጭ ብለን እንደ አዲስ ጻፍነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የፊልም ዕቃ ቅጂ ወደምንሠራበት ወርክሾፓችን ጎራ ብላችሁ ቡና እየጠጣችሁ የምትጫወቱት እናንተ ናችሁ። ነገሩን ከሌላ ሰው ሳይሆን ከእኛ አፍ መስማት ይገባችኋል።

በአጭሩ እንናገረው። ሄልሜቱን የሠራንበት ቅርጽ ከሌላ ሰው ሥራ ላይ የተገለበጠ ሆኖ ተገኝቷል። አላወቅንም ነበር። ግን ማወቅ ነበረብን። ሽያጩን አቁመናል። ገንዘቤን መልሱልኝ ለሚል ሁሉ ሙሉውን እንመልሳለን።

ጉዱ የወጣው በመስከረም ነው። አንድ የቆየ ደንበኛችን ሁለት ሄልሜት በከረጢት ይዞ መጣ። አንዱን አምና ከእኛ ገዝቶታል። ሌላውን ደግሞ ከአሥር ዓመት በፊት ከአንድ የሰሜን እንግሊዝ ሠሪ ነው የገዛው። «እስቲ ጎን ለጎን አድርጓቸውና ግራ ቅንድባቸውን እዩልኝ» አለን። አየን። ከቅንድቡ ጫፍ ትንሽ ከፍ ብሎ የምስር ፍሬ የምታህል እብጠት አለች። መብራቱ ከጎን ካልመጣ አትታይም። በጣት ግን ትታወቃለች። እህቴ ጣቷን መጀመሪያ በአንዱ፣ ከዚያ በሌላው ላይ አሳለፈች። ሁለቱም ላይ አለች። ምንም ሳትናገር ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

ሁለት ሰዎች ሳይተዋወቁ አንድ ዓይነት ሄልሜት በጭቃ ሊቀርጹ ይችላሉ። አንድ ዓይነት ስህተት፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ መጠን ግን አይሠሩም።

በሳምንቱ በባቡር ወደ ሠሪው ሄድን። ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሻይ አቀረቡልን። ሄልሜታችንን ተቀብለው አውራ ጣታቸውን ቀጥ አድርገው እብጠቷ ላይ አሳረፉ። «ይህቺማ የእኔ ናት» አሉ። አንድ ጊዜ በብርድ ወራት የፕላስተር ቅርጻቸው ተሰነጠቀባቸው። ስንጥቁን ሞልተው በብርጭቆ ወረቀት ሲያሹት ያቺ ቦታ አመለጠቻቸው። በኋላ አይተዋታል። ግን ሥራው አልቆ ነበርና ተዉአት። ያንን ቅርጽ ለመጨረስ አራት ወር ፈጅቶባቸዋል። አልተቆጡንም። ቢቆጡን ይሻለን ነበር።

ቅርጹን የሸጠልን ሰው «ራሴ ነኝ የቀረጽኩት» ብሎን ነበር። ስሙን እዚህ አንጽፍም። ከእርሱ ጋር ያለውን ጉዳይ ለብቻው እየጨረስነው ነው። ለእናንተ ግን ዕቃውን የሸጥነው እኛ ነን። ስለዚህ ተጠያቂዎቹም እኛ ነን።

እንዴት ሳናውቅ እንደቀረን ደግሞ በግልጽ እንናገር። ሥራችን ቫኪዩም ፎርሚንግ ይባላል። የፕላስቲክ ሉህ እስኪለሰልስና መሃሉ እስኪረግብ ይሞቃል። ከዚያ ቡክ በሚባለው ቅርጽ ላይ ይወርድና አየሩ ከሥር ሲመጠጥ ፕላስቲኩ ቅርጹን ይዞ ይለጠፋል። ታዲያ አንድ ሰው ያለቀ ሄልሜት ገዝቶ ከውጭ በኩል ሞልድ፣ ማለትም መልኩን የሚይዝ ባዶ ቅርጽ፣ ቢያወጣበትና ከዚያ አዲስ ቡክ ቢሠራ ምን ይሆናል? የመጀመሪያው ፕላስቲክ ውፍረት አብሮ ይገለበጣል። በላዩ ላይ ሌላ ፕላስቲክ ይደረባል። የሚወጣው ሄልሜት ከመጀመሪያው ይወፍራል። ጠርዞቹ ይደበዝዛሉ። የእኛን ስንለካው ከሰሜን እንግሊዙ ሠሪ ሄልሜት በየጎኑ ወደ ሁለት ሚሊሜትር ይሰፋል። አንድ የፕላስቲክ ውፍረት ማለት ነው።

ጭንብል በሚሠራበት ሬዚን ላይ፣ ማለትም ሞልድ ውስጥ ፈስሶ በሚጠነክረው ፕላስቲክ ላይ፣ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ሬዚን ሲደርቅ በትንሹ ይኮማተራል። ሞልዱ የተሠራበት ሲሊኮንም ርካሹ ዓይነት ከሆነ እያደር ይኮማተራል። በፕላቲነም የሚጠነክረው ሲሊኮን ግን እምብዛም አይኮማተርም። ስለዚህ የቅጂ ቅጂ፣ የዚያም ቅጂ እያለ ሲሄድ ጭንብሉ እያነሰ ፊቱም እየደበዘዘ ይመጣል። በሙያው ይህን ሪካስት እንለዋለን። ሜትር የያዘ ሰው ይደርስበታል። እኛ ሜትራችንን ያወጣነው ደንበኛችን ከነገረን በኋላ ነው። ይህ የእኛ ጥፋት ነው። ይቅርታ እንጠይቃለን።

አንዳንዶቻችሁ ይህን ስትሰሙ «እናንተስ ከፊልሙ ገልብጣችሁ አይደል የምትሸጡት?» ብላችኋል። ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱን በደንብ ልንሰጣችሁ እንፈልጋለን። ለዚያ ደግሞ የዚህን ሄልሜት ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው የስታር ዋርስ ፊልም የወጣው በ1977 ነው። የወታደሮቹን መልክ በሥዕል ያወጣው ራልፍ ማክዋሪ ነው። ሥዕሉን ተከትሎ ሄልሜቱን በጭቃ የቀረጸው ኒክ ፔምበርተን የሚባል እንግሊዛዊ ዕቃ ሠሪ ነው። ከጭቃው ተነስቶ በፕላስቲክ ያወጣው ደግሞ አንድሩ አይንስወርዝ ነው። ወርክሾፑ እዚሁ ለንደን ትዊክንሃም ነበር። አንድ ሄልሜት በሦስት ሰው እጅ አልፏል ማለት ነው። ከእነዚህ ማንኛቸው ናቸው «ሠሪው» የሚባሉት? ክርክሩ በሙሉ የተነሳው ከዚህ ነው።

አይንስወርዝ በ2004 የሄልሜቱን ቅጂ ለሕዝብ መሸጥ ጀመረ። የፊልሙ ኩባንያ ሉካስፊልም ከሰሰው። በ2006 የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት 20 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ፈረደበት። እንግሊዝ ውስጥ ግን ያ ፍርድ አልተፈጸመም። ክርክሩ እዚህ እንደ አዲስ ተጀምሮ እስከ ዩናይትድ ኪንግደም ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሐምሌ 2011 ላይ ውሳኔ ተሰጠ። ጥያቄው፣ ሄልሜቱ በሕጉ ዓይን ቅርጻ ቅርጽ ነው ወይስ አይደለም የሚል ነበር። ቅርጻ ቅርጽ ከሆነ እንደ ሥነ ጥበብ ሥራ ረጅም የቅጂ መብት ጥበቃ አለው። ፍርድ ቤቱ አይደለም አለ። ሄልሜቱ ለፊልሙ ሥራ የሚያገለግል ዕቃ ነው፣ የሥነ ጥበብ ሥራ የሚባለው ፊልሙ ራሱ ነው አለ። ለእንዲህ ያለ ዕቃ የሚሰጠው የዲዛይን ጥበቃ አጭር ነው። ጊዜውም ድሮ አልፏል። እኛ እዚህ አገር ይህን ሄልሜት ልንሠራ የቻልነው በዚህ ምክንያት ነው።

ውሳኔው ግን ሁለተኛ ክፍል አለው። ሰው ብዙ ጊዜ ይረሳዋል። በአሜሪካ የቅጂ መብት ላይ የተመሠረተ ክስ እዚሁ እንግሊዝ ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል ተብሏል። አሜሪካ ውስጥ ሄልሜቱ አሁንም ጥበቃ አለው። ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያ፣ «ለወንድሜ ልጅ ልደት ነው፣ አንድ ብቻ ላኩልኝ» እያላችሁ የምትጽፉልን እህት ወንድሞች፣ እምቢ ያልናችሁ በዚህ ነው። መናቅ አይደለም። በዘመድ ሻንጣ አስገቡልን ስትሉንም መልሳችን ያው ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። አዎ፣ እኛ ቀጂዎች ነን። ይህን አንክድም። የማክዋሪን ሐሳብ እኛ አላመጣነውም። ከፊልሙ ፎቶ እያጎላን፣ እየለካን፣ በጭቃ እየሞከርን ማውጣት ግን የራሱ ሥራ ነው። ወራት ይፈጃል። ዓይን ይጠይቃል። ያ የሰሜን እንግሊዙ ሰው ያደረጉት ይህን ነው። ሪካስት የሚያደርግ ሰው አንድ ሄልሜት ይገዛል፣ በሁለት ቀን ሞልድ ያወጣል፣ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። ቅርጹን አልለካም። ፊልሙን አላየም። የወሰደው የፊልሙን መልክ ሳይሆን የሰውን ላብ ነው። ሠሪው ፍርድ ቤት ልሂድ ቢል ደግሞ እርሱም ቀጂ ነውና ብዙ የሚቆምለት ሕግ የለም። የሚጠብቀው የሙያው ሰዎች ይሉኝታ ብቻ ነው። ስለዚህ ነው እኛ እዚህ ነገር ላይ የምንጠነክረው። ሕግ በማይደርስበት ቦታ እርስ በርሳችን ካልተጠባበቅን አራት ወር ቁጭ ብሎ የሚቀርጽ ሰው ይጠፋል።

ሌላው ብዙ የሚያጨቃጭቀን ነገር «ኦሪጅናል» የምትለዋ ቃል ናት። በቀን አሥር ጊዜ እንሰማታለን። አንዱ ኦሪጅናል ሲል ፊልሙ ላይ የተደረገው ማለቱ ነው። ሌላው ከመጀመሪያው ቅርጽ የወጣ ማለቱ ነው። ሦስተኛው የፊልም ኩባንያው ፈቃድ ያለው ማለቱ ነው። አራተኛው ደግሞ ቁርጥ ፊልሙ ላይ ያለውን የሚመስል ማለቱ ነው። አራቱ ሰዎች በአንድ ቃል ተግባብተናል ብለው ገንዘብ ይለዋወጣሉ። ጠቡ ከዚያ ይመጣል።

የስታር ዋርስን የብርሃን ሰይፍ እጀታ ውሰዱ። ለመጀመሪያው ፊልም የትዕይንቱን ዕቃዎች ያሰናዳው ሮጀር ክርስቲያን ከለንደን የፎቶ ዕቃ መሸጫ ያገኘው የግራፍሌክስ ካሜራ ፍላሽ መያዣ ነው። ሦስት ባትሪ የሚገባበት ቱቦ። መያዣው ላይ ጥቁር ስትሪፕ ለጠፈበት፣ ሰይፍ ሆነ። ዛሬ ሰው ያንን አሮጌ ፍላሽ እያደነ ይገዛል። አምና አንድ ወጣት እንዲህ ያለ ፍላሽ ይዞ መጥቶ «ኦሪጅናል ነው ተብዬ ገዛሁት» አለን። እውነት ነው፣ ግራፍሌክስነቱ ኦሪጅናል ነው። ፊልሙ ላይ ግን አልነበረም። ሻጩ አልዋሸም። ልጁ ግን የከፈለው ላልነበረው ነገር ነው። ሲገባው ፊቱ ላይ ያየነውን አንረሳውም።

እውነተኛው ዕቃ ራሱ እንኳ በቃል ብቻ አይታመንም። በ1939ኙ «ዘ ዊዛርድ ኦቭ ኦዝ» ፊልም ተዋናይቷ ጁዲ ጋርላንድ ያደረገቻቸውን ቀይ ጫማዎች ታውቋቸዋላችሁ። አንዱ ጥንድ በ2005 ከሚኒሶታ ሙዚየም ተሰረቀ። በ2018 ኤፍቢአይ አገኘው። ትክክለኛ መሆኑን ለማረጋገጥ ዋሽንግተን ወዳለው የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ወሰዱት፣ እዚያ ሌላ ጥንድ ስላለ። ባለሙያዎቹ ሁለቱን ሲያመሳክሩ የአንዱ ጥንድ ግራና የሌላው ጥንድ ቀኝ ተቀላቅለው ኖረዋል። ስንት ዓመት በመስታወት ውስጥ የታየ ጫማ አጣማጁ ሌላ ቦታ ነበር ማለት ነው። የተሰረቀው ጥንድ ታኅሣሥ 2024 በጨረታ ኮሚሽኑን ጨምሮ በ32.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ያን ያህል የተከፈለበት መልኩን ብቻ አይቶ አይደለም። ከየት ተነስቶ በማን እጅ እንዳለፈ ስለታወቀ ነው።

እኛም ከአሁን በኋላ የምናደርገው ይህንኑ ነው። ከወርክሾፓችን የሚወጣ ማንኛውም ዕቃ ከአንድ ወረቀት ጋር ይወጣል። ወረቀቱ ላይ ቅርጹን ማን እንደቀረጸው፣ ከምን ተነስቶ እንደቀረጸው፣ ቡኩ መቼ እንደተሠራና ይህ ስንተኛው ቅጂ እንደሆነ ይጻፋል። ቁጥሩ ሄልሜቱ ውስጥም ይቀረጻል። ቅርጹ የእኛ ካልሆነ የቀራጩ ፈቃድ አብሮ ይያያዛል። «ኦሪጅናል» የሚለውን ቃል ከመደብራችን አውጥተናል። ፊልሙ ላይ የነበረ ዕቃ ሸጠን አናውቅም፣ እንደሸጥን አስመስለንም አንናገርም። የሌላ ሠሪ ዕቃ አምጥታችሁ «ይህን አንድ ኮፒ አድርጉልኝ» ስትሉንም አንቀበልም። ጓደኛም ብትሆኑ።

አንድ ነገር ደግሞ። «ጠማማ ነው» ብላችሁ ሄልሜት የመለሳችሁልን ጥቂት አላችሁ። ፊልሙ ላይ ያለውም ሄልሜት ግራና ቀኙ እኩል አይደለም። በእጅ የተቀረጸ ነው። አንዳንድ ሠሪዎች በኮምፒውተር ያስተካክሉታል፣ የእኛ ምርጫ ግን አይደለም። የፔምበርተን እጅ ያለው እዚያ ጠማማው ላይ ይመስለናል።

ገንዘብ የምትፈልጉ እስከ ሰኔ መጨረሻ ድረስ ሄልሜቱን መልሱልን። ደረሰኝ የጠፋባችሁ አትጨነቁ፣ ስማችሁ መዝገባችን ላይ አለ። የፖስታውን እኛ እንከፍላለን። ሄልሜቱን ማስቀረት የምትፈልጉም አላችሁ፣ ይህንንም እንረዳለን። ልጃችሁ ለምዶት ይሆናል። እነርሱ ይጻፉልንና ታሪኩን በትክክል የያዘ ወረቀት እንልካለን። የሰሜን እንግሊዙ ሠሪ ስማቸው እዚያ ወረቀት ላይ እንዲጻፍ ፈቅደውልናል። ከ37ቱ ሽያጭ ያገኘነውን ትርፍም ለእርሳቸው አስረክበናል።

ቡኩን ልንሰብረው ነበር። አይሆንም አሉን። ስለዚህ ባለፈው ወር ጠቅልለን ወሰድንላቸው። አሁን ጋራዣቸው ውስጥ ከራሳቸው ቡክ ጎን ተቀምጧል።

እህቴ አዲሱን በጭቃ ጀምራለች። ግማሽ ፊቱ ወጥቷል። ለአሁኑ ትዕዛዝ አንቀበልም። መጥታችሁ ማየት ግን ትችላላችሁ፣ ቅዳሜ ከአራት ሰዓት ጀምሮ በሩ ክፍት ነው።

በአክብሮት፣
የወርክሾፑ ባለቤቶች፣ ወንድምና እህት
ለንደን