የሕዋ ሳይንስ ክበብ፦ መሬትን የሚያሽከረክራት ማን ነው?

ዘንድሮ ክበባችን ዓመቱን ሙሉ አንድ ጥያቄ ላይ ተቸክሎ ከረመ። ዕቅዳችን ውስጥ ጥቁር ጉድጓድ ነበር፣ ሮኬት ነበር፣ ስለ ማርስ ጉዞ ክርክር ሁሉ ነበር። ጥቅምት ላይ አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ እጁን አወጣና “ቲቸር፣ መሬት በዛቢያዋ ላይ ትሽከረከራለች ይባላል፤ ቆይ ግን ማን ነው የሚያሽከረክራት? ነዳጁስ ከየት ነው?” አለ። ዕቅዱ እዚያው ቀረ።

አጭሩ መልስ “ማንም” የሚል ነው። እኛ የለመድነው ያልተገፋ ነገር ሲቆም ነው፤ ኳሱም ጎማውም ይቆማል። የሚያቆማቸው ግን ሰበቃ ነው። ሕዋ ላይ መሬትን ይዞ የሚያስቆም ሰበቃ የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ አንዴ መዞር ከጀመረች መጠየቅ ያለበት “ምን ያዞራታል?” ሳይሆን “ምን ያቆማታል?” ነው። ይህን ለማሳመን ሁለት አርብ ፈጀብኝ።

የመጀመሪያው ሽክርክሪት ከየት መጣ ለሚለው ከጽሕፈት ቤት ተሽከርካሪ ወንበር ተዋስን። አንድ ልጅ በሁለት እጁ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ይዞ ክንዱን ዘርግቶ ይቀመጣል፣ ቀስ አድርገን እንገፋዋለን፣ ከዚያ ሃይላንዶቹን ወደ ደረቱ ሲሰበስብ ማንም ሳይነካው ፍጥነቱ ይጨምራል። (አንዷ ልጅ ዞሮባት ግድግዳ ይዛ ነው የወጣችው፤ በሳምንቱ ግን ተራ ጠባቂዎቹን ቀድማ ተሰልፋ ነበር።) ከ4.6 ቢሊዮን ዓመት በፊት የሆነውም ይኸው ነው። ፀሐይና ፕላኔቶቹ የተሠሩበት የጋዝና የአቧራ ደመና በጣም በዝግታ ይዞር ነበር፣ በራሱ ስበት ወደ ውስጥ ሲሰበሰብ ፈጠነ። የተረፈው አቧራና ድንጋይ እየተጋጨ፣ እየተጣበቀ ፕላኔት ሆነ። ድንጋዩ ደግሞ ፕላኔቷን ሁሌ መሀል ለመሀል ስለማይመታት ጎኗን ያገኘ ግጭት ሁሉ ሽክርክሪቷን ትንሽ ይለውጠዋል።

ታዲያ ለምን ሁሉም አንድ ዓይነት አልሆኑም? ከስምንቱ ፕላኔቶች ስድስቱ ፀሐይ በምትሽከረከርበት አቅጣጫ ይሽከረከራሉ። ጁፒተር ያን ሁሉ ግዝፈት ይዞ 10 ሰዓት እንኳ ሳይሞላ አንድ ዙር ይጨርሳል። ዩራነስ በጎኑ ተጋድሟል፣ ምናልባት ትልቅ ግጭት ገልብጦት ይሆናል። ቬኑስ ግን ጉድ ናት፤ ወደ ኋላ ትዞራለች፣ ያውም አንዱ ዙር 243 ቀን ይፈጅባታል፣ ፀሐይን ዞራ ለመጨረስ ግን 225 ቀን ይበቃታል። ስለ ቬኑስ ሳይንቲስቶቹም ገና አልተስማሙም፣ የኛዎቹም ሳይስማሙ ደወል ተደወለ።

ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ስለሚል የቤት ሥራ ሰጠሁ። አንድ ደማቅ ኮከብ ምረጡ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ቁሙ፣ ኮከቡ ከመብራት ምሰሶው ጀርባ የሚገባበትን ሰዓት ጻፉ። ዛሬ ከምሽቱ 2፡00 ላይ የገባው ኮከብ በሳምንቱ 1፡32 ላይ ይገባል። መሬት አንድ ዙር የምትጨርሰው በ24 ሰዓት ሳይሆን በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ስለሆነ በየቀኑ ወደ አራት ደቂቃ ይቀድማል። ደብተር ይዘው ከመጡት ውስጥ የሁለቱ ቁጥር ልክ ነበር፤ የሌሎቹን አንዳንድ ቁጥር እዚያው በር ላይ የተፈጠረ መሆኑን አውቃለሁ።

ብዙ ያለፋን ፔንዱለሙ፣ ማለትም ተንጠልጥሎ ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዘው ክብደት ነው። መሬት ከሥሩ ስለምትዞር የሚወዛወዝበት መስመር ቀስ እያለ ሲዞር ይታያል። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፎኮ በ1851 እ.ኤ.አ. ፓሪስ፣ ፓንተዮን በሚባለው ትልቅ ሕንፃ ውስጥ በ67 ሜትር ሽቦ ክብደት ሰቅሎ የመሬትን መዞር ለሕዝብ አሳይቷል። እኛ ከደረጃው አናት ላይ አሸዋ የሞላ ቆርቆሮ ሰቀልን። በእጅ ከለቀቁት ይጣመማል፣ ስለዚህ በክር ወደ ጎን ጎትተን አሰርነውና ክሩን በክብሪት አቃጠልነው። ሁሉም ትንፋሹን ውጦ ጠበቀ። ምንም! ስሌቱን ስንሠራው ምክንያቱ ገባን። ፓሪስ ላይ የፔንዱለሙ መስመር በሰዓት 11 ዲግሪ ገደማ ይዞራል፣ ለምድር ወገብ የቀረበችው አዲስ አበባ ላይ ግን 2.3 ዲግሪ ብቻ፤ ሙሉ ዙር ከስድስት ቀን በላይ ይፈልጋል። ከሰዓት በኋላ ትንሽ ዘወር ብሎ ነበር፣ ግን የደረጃው ንፋስ ስላለበት ምስክርነቱን አልቀበልም።

ጨረቃም ትሽከረከራለች። አንድ ፊቷን ብቻ የምታሳየን በዛቢያዋም በእኛም ዙሪያ የምትዞረው በእኩል 27.3 ቀን ስለሆነ ነው። ጀርባዋን የሰው ልጅ ያየው የሶቪየቷ መንኮራኩር ሉና 3 በ1959 እ.ኤ.አ. ፎቶ ካነሳች በኋላ ነው። አንድ ተማሪ ፊቱን ከጓደኛው ሳይመልስ ዙሪያውን ሲዞር አራቱንም ግድግዳ እንደሚያይ ሲረዳ ክርክሩ አለቀ። የመሬት ስበት ነው እንዲህ ያቆራኛት። እሷም በተራዋ የውቅያኖሱን ውሃ እየሳበች መሬትን ታዘገያለች፤ ቀናችን በመቶ ዓመት ወደ 2 ሚሊ ሰከንድ ይረዝማል፣ ጨረቃም በዓመት 3.8 ሴንቲ ሜትር ትርቃለች። “ምን ያቆማታል?” ላልነው መልስ ብትሞክር እሷ ናት።

በሚቀጥለው ዓመት የፀሐይን ምስል ነጭ ወረቀት ላይ አሳርፈን ነጠብጣቦቿ ሲንቀሳቀሱ እንከታተላለን፤ ወገቧ ላይ አንድ ዙር የምትጨርሰው በ25 ቀን ገደማ ነው። ሩቅ ማሳያ መነጽር ያላችሁ ወላጆች ብታውሱን ደስ ይለናል። ልጆች፣ በመነጽሩ ቀጥታ ፀሐይን ማየት ዓይን ያጠፋል፣ ያለ እኔ እንዳትነኩት።